የሚያልበው ግድግዳ

"ግድግዳው ደግሞ አላበው" ትላለች እናቴ፣ ሐምሌ በገባ ቁጥር። ሳሎን ውስጥ ከቡፌው ኋላ ያለውን ግድግዳ ማለቷ ነው። መጀመሪያ ወለሉ ጥግ ላይ ትንሽ ጠቆር ይላል። ነሐሴ ላይ ጥቁረቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቤቱን የእርጥብ አፈር ሽታ ይሞላዋል። ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲበረታ ይደርቅና የሄደ ይመስላል። ግን ቀለሙ እየተላጠ ይወድቃል፣ ከሥሩም ነጭ ዱቄት ይራገፋል። ዱቄቱ ተጠርጎ ሲያልቅ በማግስቱ እንደገና አለ።

ቤቱ አባቴ በደርግ ጊዜ ያሠራው ነው፣ ኮልፌ ዳገቱ ላይ። መሠረቱ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ቀይ ሸክላ ጡብ። ማድቤቱና ሰርቪሱ በኋላ በብሎኬት የተጨመሩ ናቸው። ዛሬ እንደሚሠራው መስታወት በመስታወት የሆነ ቤት አይደለም፤ ግን ጠንካራ ነው። ነገሩም የሚከነክነኝ ለዚህ ነበር። እንዲህ በደንብ የተገነባ ቤት ለምን ከታች ይበሰብሳል? ከሱ በላይ የሚከነክነኝ ደግሞ የመፍትሔው ብዛት ነው። ግድግዳውን የሚያይ ሰው ሁሉ ገና ቡፌው ተገፍቶ ሳያልቅ መድኃኒቱን ያውቀዋል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ቀለም፣ ሴራሚክ፣ አሁንም ቀለም

እንቁጣጣሽ ሲደርስ ቤት ማሳመር ያለ ነው። ስለዚህ ግድግዳው በየዓመቱ ይፋቃል፣ ስቱኮ ይለቀለቃል፣ ዘይት ቀለም ይቀባል። ዘይት ቀለም የሚመረጠው በጨርቅ ስለሚወለወል ነው። ለመስከረም ያምራል። በተከታዩ ክረምት ቀለሙ አረፋ ያወጣል፤ አረፋውን በጣት ሲጫኑት ውሃ አለበት።

ከዚያ አንድ ዘመድ "እስከ ጉልበት ሴራሚክ አልብሱት፣ አለቀ ደቀቀ" አለ። ተለበሰ። ሳሎናችን በዚያ ጥግ መታጠቢያ ቤት መሰለ። እርጥበቱ ግን የትም አልሄደም። በሚቀጥለው ክረምት ከሴራሚኩ በላይ፣ ወገብ አካባቢ ብቅ አለ። ከዚህ በፊት እዚያ ድረስ ደርሶ አያውቅም ነበር። ላዩ አማረ፣ ውስጡን ለቄስ የሚባለው ይኼ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዋተርፕሩፍ፣ ውሃ እንዳያሳልፍ ተብሎ የሚቀባው ነገር ነው። ዱቄቱ አለ፣ ፈሳሹ አለ፣ ከሲሚንቶ ጋር የሚበጠበጠው አለ። ዕቃው በራሱ መጥፎ አይደለም። የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጡ ሲቀባ ውሃው ራሱ ቅቡን ወደ ግንቡ እየተጫነ ይይዘዋል። የሳሎን ግድግዳ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ውሃው የሚመጣው ከኋላ ስለሆነ ቅቡን እየገፋ ይነቅለዋል። ይህን የሚነግርህ ሻጭ ግን አላጋጠመኝም።

በመሀል እኔም አንድ ነገር ሞከርኩ። ግድግዳው ላይ አንድ ገጽ የሚያህል ላስቲክ ለጥፌ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጌ አንድ ሁለት ቀን ተውኩት። ጠብታው በክፍሉ በኩል ባለው የላስቲኩ ፊት ላይ ከታየ፣ ችግሩ የቤቱ አየር ነው፤ እንፋሎት፣ መስኮት አለመከፈት፣ የሰው ትንፋሽ። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ግን የሚወጣው ከግድግዳው ነው። የኛ ከጀርባው ነበር፣ ያውም ጠብ ጠብ የሚል። "መስኮት ክፈቱ" ለሚሉን ሰዎች መልስ አገኘሁ። ለግድግዳው ግን አላገኘሁለትም።

"አካፋ አምጪ"

ሽማግሌው ግንበኛ የመጡት ለዚህ ሥራ አይደለም። የአጥሩ በር ምሰሶ ዘሞ እሱን ሊያቀኑ ነው። እናቴ ሻይ ስታቀርብላቸው "እግረ መንገድዎን ይቺንም ቢያዩልኝ" አለቻቸው። ገቡ። ነጩን ዱቄት በጣታቸው አሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። "ጨው ነው፣ እትዬ" አሉ። እናቴ ቀበል አድርጋ "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባል የለ፤ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራልኛል?" አለች። ሳቁ። ግድግዳውን ከዚያ በላይ አላዩትም፤ ጥለውት ወጡ።

ዳገቱ ባለበት በኩል ወዳለው ጓሮ ዞሩ። ስታጃቸውን፣ ያን ረጅም ቀጥ ያለ የግንበኛ ዘንግ፣ አቁመው ከመስኮቱ ፍሬም የታችኛው ጠርዝ እስከ ግቢው ሲሚንቶ ለኩና በእርሳስ ምልክት አደረጉ። ተመልሰው ገቡ። ከዚያው ፍሬም፣ ከዚያው ጠርዝ እስከ ሳሎኑ ወለል ለኩ። ምልክቱ ከወለሉ በላይ ቀረ። ከ20 ሳንቲም ብዙም አያንስም።

"አየሽ ልጄ፣ ሳሎናችሁ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው" አሉኝ።

"እንዴት ይሆናል ጋሼ? ድሮ እኮ በደረጃ ነው የምንወጣው..."

ይህን እየተናገርኩ ራሴው ቃሌ ላይ ቆምኩ። እውነት ነው፣ ልጅ ሆኜ በረንዳው ላይ የሚወጣው በደረጃ ነበር፤ ጠጠር የምንጫወተው እዚያ ተቀምጠን ነው። አሁን አንድ ደረጃ ብቻ አለ። ሌሎቹን ማንም አላፈረሳቸውም። የት ሄዱ? ከዚያ ተራ በተራ ትዝ ይለኝ ጀመር። ጭቃው አስቸግሮ ግቢው ሲሚንቶ ሆነ። ሲሚንቶው ሲሰነጣጠቅ በላዩ ሌላ ሲሚንቶ ፈሰሰ። የሰፈሩ መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ አለ፤ ውሃ በበሩ እንዳይገባ ግቢውም ከመንገዱ እኩል ይሁን ተብሎ ሙሌት ተጨመረ። በላይኛው በኩል ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ከዳገቱ የሚወርደው አፈር አለ። ቤቱ አንድም ቀን አልሰጠመም። መሬቱ ነው ወደ ላይ የመጣው። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ማንም ልብ አላለውም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው የሚሉት ለካ ለወንዝ ብቻ አይደለም።

"አካፋ አምጪ" አሉኝ። በመሮና በመዶሻ ከግድግዳው ሥር ያለውን ሲሚንቶ ሰበሩ፣ ከሱ ሥር ያለውን ደግሞ ሰበሩ፣ ከዚያ አፈሩን በአካፋ ዛቁት። መጀመሪያ እርጥብ ጡብ መጣ። ዝቅ ሲሉ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ታየ፤ ከሱ በታች የመሠረቱ ድንጋይ። መስመሩን በጥፍራቸው ጫር አድርገው "ሬንጅ ነው" አሉ። የመሠረቱ ድንጋይ አልቆ ጡቡ ከመጀመሩ በፊት የተቀባ ሬንጅ፣ ከመሬት የሚመጣው እርጥበት ወደ ጡቡ እንዳያልፍ። "አባትሽ ያሠራው ሰው ሥራውን ያውቃል" አሉ።

ይህች መስመር ብዙ አሳሰበችኝ። እኛ ያን ሁሉ ጊዜ ማገጃ ስንፈልግ፣ ስንገዛ፣ ስንቀባ፣ ማገጃው ድሮውኑ ቦታው ላይ ነበር። አልፈረሰም፣ አላረጀም። ግን ማገጃ የሚሠራው ከመሬት በላይ ሲሆን ብቻ ነው። አፈርና ሲሚንቶ በላዩ አልፎ ጡቡን ከጎን ከነካው፣ ውሃው በሬንጁ በኩል ማለፍ አያስፈልገውም፤ ከላዩ ይዞራል። በዓለም ላይ ያለውን ዋተርፕሩፍ ሁሉ ሳሎን ውስጥ ብንለስን ጓሮው ያው ጓሮ ነው።

እናቴ አልተዋጠላትም። "ውሃ ቁልቁል ይሄዳል እንጂ ሽቅብ እንዴት ይወጣል?" ሽማግሌው አልተከራከሯትም። ከአጥሩ ሥር አንድ ደረቅ ጡብ አንስተው ሁለት ጣት ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አቆሙት። ቡናው እየተፈላ ነበር። አቦል ሲቀርብ ጡቡ ከውሃው በላይ ጠቆር ማለት ጀምሯል። ቶና ላይ ጥቁረቱ ሽቅብ ሄዷል። በረካ ሲደርስ እናቴ ስኒዋን ይዛ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ነበር። "ይሄ ጡብ ይጠጣል እኮ!" አለች። ጡብ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉ፤ ውሃው በነሱ እየተሳበ ይወጣል። ጡብ ብቻ ሳይሆን ጡቡን የሚያያይዘው ሞርታርም፣ ብሎኬቱም፣ አንዳንድ ድንጋይም እንደዚያ ነው። እርጥብ መሬት ላይ የቆመ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አንድ ሜትር ያህል ይስባል፤ ትነቱ ከታፈነ ደግሞ ከዚያም በላይ ይሄዳል።

ጨውና ሲሚንቶ

ጨው የተባለው ነገር እንዲህ ነው። ውሃው ከአፈሩ፣ በአካባቢው ካለ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ከሲሚንቶው ከራሱም ጨው እያሟሟ ይዞ ይወጣል። ግድግዳው ፊት ላይ ሲደርስ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን መትነን አይችልም። እዚያው ይቀርና ይጠጥራል። ሲጠጥር ያብጣል፤ ከቀለሙና ከልስኑ ሥር ሆኖ ስለሚያብጥ ፈንቅሎ ይጥለዋል። ለዚህ ነው ግድግዳችን የሚላጠው ክረምት ላይ ሳይሆን ጥቅምት ላይ የነበረው። የሚደርቅበት ጊዜ ነው የሚጎዳው። ሌላው ደግሞ ዱቄቱን በውሃ ማጠብ አይገባም፤ ጨውን መልሶ አሟሙቶ ወደ ውስጥ መስደድ ነው። በደረቅ ብሩሽ ተጠርጎ ከቤት መውጣት አለበት።

ሴራሚኩም ያደረገው ይህንኑ ነው። ግድግዳው በዝቅተኛው ቦታ ይተነፍስ ነበር። እዚያ ሲታፈን ውሃው መውጫ ፍለጋ ከፍ አለ። ዘይት ቀለምም፣ ወፍራም የሲሚንቶ ልስንም ያው ናቸው። ሲሚንቶ ጠንካራ ስለሆነ ሁሉን የሚችል ይመስለናል። "አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ አድርገው፣ ጠበቅ ይበል" ይባላል። ጠበቅ ያለ ልስን ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ የገባው ግን በቀላሉ አይወጣም።

ሽማግሌው "ኖራ ነው የሚሻለው" ሲሉ በመጀመሪያ የድሮ ሰው ወሬ መሰለኝ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የጎንደርን ቤተ መንግሥት ነገር ሳነብ አባባላቸው ገባኝ። የፋሲል ግንብና በዙሪያው ያሉት ሕንፃዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተወሰነው ክፍል በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገነ። ኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ ጥገና ሲካሄድ ያ ሲሚንቶ እየተነሳ እንደ ጥንቱ በኖራ እንዲተካ ተደረገ። ኖራ ከሲሚንቶ ለስለስ ይላል፤ ግንቡ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አብሮ እሺ ይላል፣ እርጥበቱንም ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ከድንጋዩና ከጡቡ በላይ ስለሚጠነክር ጉዳቱ ሁሉ ወደነሱ ይሄዳል። ልስን ቢበላሽ በሌላ ልስን ይተካል። ጡቡ ሲፈረፈር ምን ይደረጋል?

በመጨረሻ ለሳሎኑ የተስማማነው አንድ ሲሚንቶ፣ አንድ ኖራ፣ ስድስት አሸዋ ነው። ቀለሙም ዘይት ሳይሆን የሚተነፍስ የውሃ ቀለም። (ኖራ ራሳችሁ የምታጠፉ ካላችሁ ጓንትና መነጽር አይለያችሁ። ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ዓይን ያጠፋል።)

ትልቁ ጠብ ግን የተነሳው በልስኑ ዓይነት ሳይሆን በጊዜው ነው። አሮጌው ልስን እስከ ወገብ ድረስ ተፈነቀለ። እናቴ በሳምንቱ አዲሱ እንዲለሰን ፈለገች፤ የሚካኤል ማኅበር ተረኛ ነበረች። ሽማግሌው "እትዬ፣ ጡቡ ካልደረቀ አልነካውም" አሉ። የረጠበ ግንብ እንደ ውፍረቱ ነው የሚደርቀው። ሙያተኞች በግምት ለ2.5 ሳንቲም ውፍረት አንድ ወር ይሰጡታል። የኛ ግድግዳ 25 ሳንቲም ያህል ነው። ስሌቱን ስነግራት እናቴ "እስከዚያ ማኅበርተኛው ጡብ ሊያይ ነው?" አለች። አዎ፣ አየ። ቡፌው ተመልሶ ተገፋበት እንጂ አልተለሰነም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት ከዚያ ወዲህ ለሽማግሌው እሷው ትተርትላቸዋለች፣ እሳቸው የአጥሩን ሥራ ሲያጓትቱ።

ከላይ የሚመጣው ሌላ ነው

ማድቤቱ ላይም እርጥበት ነበር። እኔ አሁን ሊቅ ሆኛለሁና "ይሄም ከመሬት ነው" ለማለት ቸኩዬ ነበር። ሽማግሌው "ይሄኛው ከታች አይደለም" አሉ። እርጥበቱ የታየው ግን ግድግዳው ሥር ነው! ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ውሃው ከላይ፣ ከፓራፔቱ (ከጣሪያው ጠርዝ በላይ ከፍ ብሎ ከተሠራው ግንብ) ወይም ከመስኮቱ ጎን ይገባና በክፍተቱ ውስጥ እየወረደ ግርጌው ላይ ይቋጠራል። የሚወጣው ወለሉ አጠገብ፣ የሚገባው ጣሪያው አጠገብ። ይህን የማያውቅ ሰው ወለል ሲያፈርስ ይከርማል።

እንዴት ይለያል? በውሃ ጎማ። ከታች ተጀምሮ ግድግዳው ቀስ እያለ ይጠጣል፤ ትንሽ ተጠብቆ ወደ ላይ ከፍ ይባላል፣ ደግሞ ይጠበቃል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያረጥብ ምንም አይታወቅም። የኛ ማድቤት አሸንዳው ላይ ሲደረስ ነው ውስጡ ያነባው። አሸንዳው ከፓራፔቱ ጀርባ የተደበቀ ነው፤ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ቅጠል ደፍኖታል። ውሃው ሞልቶ ሲፈስ ወደ ውጭ አይደለም፣ ወደ ግድግዳው ነው።

ፓራፔት አልወድም። ቤቱን ሳጥን አስመስሎ ቆርቆሮውን ይደብቃል፣ እንጂ ለክረምታችን የተፈጠረ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 3,000 ሊትር ማለት ነው፤ ሦስት ባለ ሺህ ሊትር ሮቶ በአንድ ከሰዓት። ያን ሁሉ ውሃ ግድግዳ አናት ላይ በጠባብ ቆርቆሮ ይዞ ለመቆየት መሞከር ድፍረት ነው። የጭቃ ቤት የኖረበት ሰው እንዲህ አይደፍርም ነበር። ክፈፉ ረጅም ነው፣ ዝናቡን ከግድግዳው አርቆ ይጥላል። ሰኔ ሳይገባ ዙሪያው ቦይ ይቆፈራል። ምርጊቱ በየጊዜው ይታደሳል። ጭቃ ስህተትን ወዲያው ስለሚያሳይ ሰው ይጠነቀቅ ነበር። ሲሚንቶ ሲመጣ ጥንቃቄው ቀረ፤ ሲሚንቶው ደግሞ ስህተቱን ለዓመታት ይደብቃል።

ለማድቤቱ ብዙ አልተደከመም። ቅጠሉ ተጠረገ፣ መውረጃው በሰፊ ቱቦ ተቀየረ፣ የፓራፔቱ አናት ወደ ጣሪያው እንዲያዘነብል ተደርጎ ተለሰነ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው አሁን ግንቦት ላይ መሰላል ይዞ የሚወጣ ልጅ አለ።

ውሃው የት ይሂድ?

የጓሮው ሥራ ከበድ ይላል። በግድግዳው ርዝመት ሁሉ ሲሚንቶው ተሰበረ። አካፋ እንደልብ የሚገባበት ስፋት ያለው ቦይ ከሳሎኑ ወለል በታች እስኪወርድና ጥቁሩ መስመር ፀሐይ እስኪያይ ተቆፈረ። ከዚያ በታች መሄድ አይገባም፤ መሠረቱ ሥር ከተገባ ቤቱን ማናጋት ነው። ከታች ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ በዘቅዛቃ ተኛ፣ በላዩ ጠጠር ሞላ። የቀረው ግቢ በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲም ያህል ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲዘቀዝቅ ተደረገ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን ውሃ ልክ ተይዞ ካልተሠራ ዓይን ያታልላል፤ ሜዳ የመሰለው ሁሉ ወደ ቤቱ ያዘነበለ ሆኖ ይገኛል።

ከላይኛው ጎረቤት ጋር የሚያዋስነን የድንጋይ ግንብም ነበር። ታችኛው ክፍሉ ላይ ለውሃ መውጫ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉት። ሁሉም በሲሚንቶ ተደፍነዋል፣ ቆሻሻ ውሃ ስለሚያንጠባጥቡ። ብዙ ግቢ ውስጥ እንዲሁ ነው። ከኋላው አፈር የተሸከመ ግንብ ውሃው ካልወጣለት አፈሩንም ውሃውንም አንድ ላይ ይሸከማል፤ ክረምት ላይ የሚደረመሱት በአብዛኛው እንደዚህ ያሉት ናቸው። ሽማግሌው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በመሮ ከፈቱ። ከአንደኛው የወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ሁላችንም ቆመን አየን።

ይህ ሁሉ ሲሆን የቧንቧው ነገር የኛ ግቢ ጉዳይ ብቻ ነው ብለን ነበር የምናስበው። የታችኛው ጎረቤት በአጥሩ በላይ ብቅ ብሎ "እማማ፣ ይሄ ቧንቧ የሚያበቃው የት ነው?" አላት። ማንም መልስ አልነበረውም። ንድፉ ላይ ቧንቧው የሚያልቀው እሱ መኝታ ቤት ጀርባ ነው። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌውን በቁጣ አየቻቸው። እሳቸውም "እኔ የተጠራሁት ለዚህ ቤት ነው" አሉ። ጎረቤታችን ግን ሰውየው ጥሩ ነው፤ እሱም ለካ ከአልጋው ኋላ ግድግዳው ያልበዋል፣ እሱም በየዓመቱ ይቀባል። ስታጃው ወደሱ ግቢ ተሻገረ። ተለካ። የሱም ግቢ ከቤቱ ወለል በላይ ሆኖ ተገኘ።

ቧንቧው በአጥሩ ሥር አልፎ እስከ መንገዱ ዳር ቦይ እንዲደርስ ተወሰነ። ተጨማሪ ቱቦ፣ ተጨማሪ ቁፋሮ፣ በመሀል የሚጠረግበት አንድ ጉድጓድ ከክዳኑ ጋር። የወጪውን ግማሽ እሱ ቻለ፤ የሱ አሸንዳም አሁን እዚያው ነው የሚገባው። ጉድጓዱን ማን ይጠርግ የሚለው ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም።